በሰው መኪና ውስጥ የሰማሁት ነጎድጓድ

ፓርኪንግ የሠራ ሰው የሰውን ጠባይ ከመኪናው ያነባል። ወንበሩን እስከ ምን ድረስ እንደሚያስተኛ፣ ስፖኪዮውን ወዴት እንደሚያዞር፣ ምን በልቶ ወረቀቱን የት እንደሚጥል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምን እንደሚሰማ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ ከምግብ ቤቶችና ከጭፈራ ቤቶች አጠገብ፣ ሦስት ፎቅ ወደ መሬት ውስጥ በሚወርድ ፓርኪንግ የማታ ሺፍት እሠራ ነበር። (እዚህ የምጠራቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ በዚያች ከተማ አማርኛ ሳይሰሙ መኪና ማቆም ይከብድ ነበር፤ ከቲኬት ቆራጩ እስከ መኪና አቅራቢው የእኛው ሰው ነው። ደንበኛው ሞተሩን ሳያጠፋ ይወርዳል፣ ቲኬቱን ይቀበላል፣ ይሄዳል። እኛ ገብተን ስንቀመጥ ካሴቱ ካለበት ይቀጥላል። የድምፁም ልክ እሱ የተወው ነው። ከመግቢያው እስከ ታችኛው ወለል ያለው ቁልቁለት አንድ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ሂፕ ሆፕን የተማርኩት በእነዚያ ደቂቃዎች፣ የዘፈኑን መሀል እየሰማሁ፣ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ለባለቤቱ እየተውኩ ነው።

የወጣቶቹ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃ አይጭንም ነበር። ከፍተህ ብታየው ከዳር እስከ ዳር በሣጥን የታሸጉ ትልልቅ ስፒከሮች ናቸው፤ አጠገባቸው አምፕሊፋየር፣ ከባትሪው ድረስ የተሳበ ጣት የሚያክል ሽቦ። መንገድ ላይ ሲሄዱ ድምፁ ወደ ሰማይ ይበተናል። ከመሬት በታች፣ በኮንክሪት ግድግዳና በዝቅተኛ ጣሪያ መሀል ግን መሄጃ የለውም። ታርጋው ይንኳኳል፣ ስፖኪዮው ውስጥ ያለው ምስል ይደበዝዛል፣ የለበስከው ሸሚዝ ደረትህ ላይ ይርገበገባል። በሰከንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ አንዱ ሞገዱ ብቻ ከስምንት ሜትር በላይ እንደሚረዝም ያወቅኩት በኋላ ነው። መኪናው ለካ ከራሱ የሚረዝም ነገር አሳፍሮ ነበር የሚዞረው።

ቆንጆ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ አልልም። ቆንጆ ሙዚቃ አውቃለሁ፤ ጥላሁንንና ብዙነሽን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ይሄኛው ሌላ ነው። ሆድህን ባር ባር ያሰኘዋል፣ ጠጉርህን ያቆመዋል፣ ሆኖም እንዲቋረጥ አትፈልግም። በዚያው ሰሞን ቀን ቀን ኮሌጅ እማር ስለነበር በአንድ ኮርስ ኤድመንድ በርክ የሚባል አየርላንዳዊ በ1757፣ ገና በ28 ዓመቱ ስለ ግርማና ስለ ቁንጅና ያሳተመው መጽሐፍ እጄ ገባ። ቲኬት መቁረጫዋ ቡዝ ውስጥ፣ መኪና በሌለበት ሰዓት፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ አነበብኩት።

በርክ እንደሚለው ቁንጅና ትንሽ፣ ለስላሳና ጥርት ያለ ነገር ነው፤ ሰው ይወደዋል፣ ይዳብሰዋል። ግርማ ግን ሥሩ ፍርሃት ነው። ከምን ይመነጫል ብሎም ይዘረዝራል፤ ከግዙፍነት፣ ከጨለማ፣ ከባዶነት፣ ከብቸኝነት፣ ከጸጥታ፣ ከኃይል፣ ድንገት ከሚፈነዳ ድምፅ፣ በሌሊት ቆየት እያለ ከሚመጣ ዝቅ ያለ ድምፅ። አንድ ዓይነት ነገር ሳይለወጥ በተከታታይ ሲመጣ ደግሞ አእምሮ መጨረሻውን ማየት ያቅተውና ወሰን የሌለው ነገር ፊት የቆመ ይመስለዋል፤ የአዳራሽ ዓምዶች ረድፍም ሆነ የከበሮ ምት ይህን ያደርጋል ይላል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለው። አደጋው በጣም መቅረብ የለበትም፤ አንገትህ ላይ የደረሰ እንደሆነ ፍርሃት ብቻ ነው። ጀርመናዊው ካንት በ1790 ነገሩን ወደ ውስጥ አዞረው፤ ዓይንና ጆሮ አልችል ያሉትን ግዝፈት አሳብ ሲይዘው ሰው በራሱ አእምሮ ይደነቃል አለ። እኔ ግን ከበርክ ዝርዝር አልወጣሁም። ሰውየው ተራራና ማዕበል አስቦ የጻፈውን እኔ በየምሽቱ ቁልቁል እነዳው ነበር።

የሂፕ ሆፕ መሠረቱ ይኸው መደጋገም ነውና። ከአንድ አሮጌ ሸክላ ጥቂት ሰከንድ ይቆረጣል፤ የቁራጩ መጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር ይሰፋና ይዞራል። ባለሙያዎቹ ሉፕ ይሉታል። አያድግም፣ አይፈታም፣ ማረፊያ ላይ አይደርስም። በሌላ ዘፈን ዜማው ይወጣል ይወጣልና ይወርዳል፤ ጆሮም መውረጃውን ይጠብቃል። እዚህ መውረጃ የሚባል ነገር የለም። ራፐሩ እዚያ ወሰን የሌለው ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሞ ይናገራል፤ የሚለወጥ ነገር ቢኖር የእሱ ቃል ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ግዝፈት የመጣው ከጥበት መሆኑን የማታውቅ እንደሆነ ታሪኩ አይገባህም። ከመነሻው ጀምሮ እንዲያው ነው። ነሐሴ 1973 ብሮንክስ ውስጥ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 ሕንፃ፣ አንዲት ተማሪ ለትምህርት ቤት መክፈቻ ልብስ መግዣ ገንዘብ ለማግኘት ምድር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ጭፈራ አዘጋጀች፤ ሸክላ ያጫወተው ከጃማይካ የመጣው የ18 ዓመት ወንድሟ ኩል ሄርክ ነበር። የኪንግስተንን ትልልቅ ስፒከር ልማድ ይዞ መጥቷል። ሰፈሩን ደግሞ ፈጣን አውራ ጎዳና ከሁለት ሰንጥቆታል፣ ባለቤቶች ጥለዋቸው የሄዱ ሕንፃዎች በየጊዜው ይቃጠላሉ። ሄርክ ያደረገው ነገር ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርባትን ቅንጣት ጊዜ በሁለት ሸክላ እየመለሰ ማራዘም ነው። በዘፈኑ ውስጥ ጠባቧን ቦታ ፈልጎ አገር አደረጋት።

መሣሪያዎቹም እንደዚሁ። 808 የሚባለውን የሮላንድ ከበሮ ማሽን ኩባንያው የሠራው ከ1980 እስከ 1983 ብቻ ነው፤ 12,000 ገደማ። እውነተኛ ከበሮ አይመስልም ተብሎ ተናቀ፣ በየልባሽ ዕቃ መደብሩም በርካሽ ወደቀ፤ ድሆቹ ልጆች ያገኙት እዚያ ነው። የትልቁን ከበሮ ማርዘሚያ እስከ ጫፍ ብታዞረው ምት መሆኑ ይቀርና መሬት የሚያጉረመርም ይመስላል፤ ያንን የመኪኖቹን ታርጋ የሚያንኳኳ ድምፅ። በ1987 የወጣው ኤስፒ 1200 ደግሞ ከሸክላ ድምፅ የሚቆርጥ ማሽን ሲሆን የመያዝ አቅሙ በጠቅላላው 10 ሰከንድ ነው። ልጆቹ መላ መቱ። በደቂቃ 33 ጊዜ መዞር ያለበትን ሸክላ በ45 ያስሮጡትና በፍጥነት ይቀዱታል፤ ጊዜ ይቆጥባሉ። ከዚያ ማሽኑ ውስጥ መልሰው ያዘገዩታል። የተዘረጋው ድምፅ ታዲያ ይሻክራል፣ ይደበዝዛል፣ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። ዛሬ ወጣቶች በኮምፒውተር ሊመስሉት የሚደክሙበት ያ ጭጋግ የተወለደው አሥር ሰከንድ ስላልበቃ ነው።

ሦስተኛው ጥበት ከፍርድ ቤት መጣ። በ1988 ፐብሊክ ኤነሚ የሚባሉት የሎንግ አይላንድ ልጆች ባወጡት ሁለተኛ አልበማቸው ላይ፣ ቦምብ ስኳድ የተባለው የአቀናባሪዎቻቸው ቡድን የሲሪን፣ የንግግር፣ የጊታርና የከበሮ ስብርባሪ አንዱን በአንዱ ላይ ከምሮ ግድግዳ አቁሞ ነበር። ያ የሙላት ግርማ ነው፤ እንደ ትልቅ ሰልፍ መተንፈሻ ያሳጣል። በታኅሣሥ 1991 ግን አንድ የኒው ዮርክ ዳኛ በራፐሩ ቢዝ ማርኪ ላይ በቀረበ ክስ፣ ውሳኔውን አትስረቅ በሚለው ትእዛዝ ጀምሮ፣ ያለ ፈቃድ ከሰው ዘፈን መቁረጥ፣ ሳምፕል ማድረግ የሚሉት፣ ክልክል ነው አለ። የተወሰደው የጊልበርት ኦሳሊቫን የ1972 ዘፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዷ ቁራጭ ፈቃድና ገንዘብ ትጠይቃለች፤ በአንድ ዘፈን ውስጥ ሃያ ቁራጭ መከመር ሀብት ይፈልጋል። አንድ ሁለት ቁራጭ ግን ይቻላል። እኔ ፓርኪንግ ስገባ የጠበቀኝ ሂፕ ሆፕ ከዚህ ውሳኔ በኋላ የመጣው ነው። ጣዕሙም ተለውጦ ነበር፤ የሙላቱ ግርማ አልፎ የባዶነቱ ገብቷል። በርክ ጨለማ፣ ጸጥታ፣ ብቸኝነት ያለው።

በኅዳር 1993 ዉ-ታንግ ክላን የተባሉ፣ ስታተን አይላንድ ላይ የተሰባሰቡ ዘጠኝ ልጆች የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። የሙዚቃው ቀማሪ ሪዛ ይባላል። ቻርሜልስ ከተባሉ ሴቶች የ1967 ዘፈን ጥቂት የፒያኖ ድምፅ ቆርጦ፣ በእሱ ላይ ገንዘብ ሁሉን ይገዛል የሚል ዘፈን አቆመ። በዘፈኖቹ መሀል ከካራቴ ፊልም የተቀነጨበ ንግግርና የሰይፍ ፍጭት ይገባል። አዲስ አበባ ላይ ካራቴ ፊልም ሳያይ ያደገ እኩያ የለኝም፤ ስለዚህ ያቺን የሰይፍ ድምፅ ስሰማ የዘመድ ያህል ነበር የቀረበችኝ። በነሐሴ 1995 ከመካከላቸው ሬይኩዋን የሚባለው የራሱን አልበም ሲያወጣ ካሴቱ ሐምራዊ ነበር፤ ሽፋኑ አይደለም፣ ፕላስቲኩ ራሱ። ያን በጋ በየመኪናው ዳሽቦርድ ያችን ሐምራዊ ጠርዝ ማየት የዘወትር ነገር ሆነ። የማን መኪና እንደሆነ ሳላውቅ ምን ልሰማ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ከእኛ ጋር የሚሠሩ፣ ሁላችንም ጋሼ ብቻ የምንላቸው ትልቅ ሰው ነበሩ። ቤተ ክህነት ያደጉ፣ ዜማ የተማሩ፣ በስደት ቲኬት የሚቆርጡ። ራፕን «የእብድ ልፍለፋ» ነበር የሚሉት። አንድ ሌሊት የሐምራዊ ካሴት መኪና አምጥቼ ሞተሩን ሳላጠፋ ቡዟ አጠገብ አቆምኩ። ጋሼ ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ። ቃሉ አልገባቸውም፤ ከሥር ያለውን ጉምጉምታ ነው ያዳመጡት። ትንሽ ቆይተው፣ «አንተ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች በገና ሰምተዋል እንዴ?» አሉኝ።

ሳቅሁ፤ ግን ጥያቄያቸው አልለቀቀኝም። በገና ካሉን መሣሪያዎች ዝቅተኛው ድምፅ የእሱ ነው። አሥሩ ጅማቶች ከሚያርፉበት ላይ እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባና ጅማቱ በተመታ ቁጥር እንዲያንገራግር፣ እንዲነዝር ታደርገዋለች። ድምፁ ጥርት እንዳይል ሆን ተብሎ ይበላሻል። ያው አጭር ምት ይመላለሳል፤ ደርዳሪው በላዩ ዘፈንም ንግግርም ባልሆነ ድምፅ ስለ ሞትና ስለ ዓለም ከንቱነት ይናገራል። በዐቢይ ጾም በሬዲዮ ሲመጣ ቤታችን ጸጥ ይል ነበር። በብሮንክስና በእኛ ደብሮች መካከል የታሪክ ዝምድና የለም። ጋሼ ያገኙት የአሠራር ዝምድና ነው፤ ሁለቱም ዝቅ ያለ፣ የሻከረ፣ የሚደጋገም ድምፅ ወስደው ሰውን ከራሱ በሚበልጥ ነገር ፊት ያቆሙታል። እኔ ከበርክ መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት የለቀምኩትን እሳቸው ከተቀመጡበት ወንበር ሳይነሱ አገኙት።

ግን ከዚያ ዘመን ዘፈን ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የሞብ ዲፕን «ሹክ ዋንስ ፓርት ቱ» እመርጣለሁ፤ 1995። ሞብ ዲፕ ማለት ፕሮዲጂና ሃቮክ፣ ሃያ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሁለት ልጆች ናቸው። የሚናገሩት ስለ ኩዊንስብሪጅ ነው፤ በ1939 የተከፈተ፣ 96 ሕንፃና ከ3,000 በላይ ቤት ያለው፣ በአሜሪካ ትልቁ የመንግሥት ኪራይ መንደር። ከአንድ ዓመት በፊት የራፐሩ የናስ የመጀመሪያ አልበም የወጣው ከዚያው ሰፈር ነው። ዘፈኑ ሲጀምር የአሮጌ ሸክላ ትንፋሽ ይሰማል። ከሥሩ ፒያኖ ይሁን ሌላ ነገር በቀላሉ የማይለይ፣ የሰመጠ፣ ዳር ዳሩ የተበላ ዜማ። ከላይ ከሩቅ እንደሚመጣ ሲሪን የሚያለቅስ ድምፅ። ከዚያ ከበሮው ይገባል፤ ደረቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ምንም ያልለበሰ። በእነዚህ መሀል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፤ ማታ ብቻህን የምታልፍበት ግቢ ያክላል። ፕሮዲጂ ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም። ስለ ፍርሃት ነው የሚያወራው፣ አዳማጩንም ፊት ለፊት አይቶ አንተ ታስመስላለህ እንጂ ትፈራለህ ይለዋል።

እኔ ሰዓት እላፊ ያሳደገኝ ልጅ ነኝ። ቀይ ሽብር ላይ መብራት ጠፍቶ፣ መስኮት በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ ከውጭ የሚመጣ ድምፅ እየቆጠርን የተቀመጥንባቸው ሌሊቶች አሉ። ስለዚህ ያ ባዶ ቦታ ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። በሙዚቃ የሰማሁት ግን ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። እኛ ከዚያ ዘመን ያወጣነው ለቅሶና ዝምታ ነበር። እነዚህ ልጆች ፍርሃቱን ራሱን ወስደው ቅርጽ ሰጡት፤ ሉፕ አደረጉት፤ ሰው እንዲቆምበት ወለል ሠሩለት። አንድን ነገር ደጋግመህ ስትሰማው የእሱ ጌታ ትሆናለህ፤ ቢያንስ ለአራት ለአምስት ደቂቃ።

ያ ፍርሃት ደግሞ ከፓርኪንጉ ብዙ አይርቅም ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዋሽንግተን ውስጥ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰው ይገደል ነበር፤ የነዋሪው ብዛት 600 ሺህ ገደማ ነው። ሥራ ስንጨርስ የሌሊት አውቶቡስ ቆመን የምንጠብቅበት ጥግ የት እንደሚሻል እየተማከርን ነበር የምንወጣው። ካሴቱን ከሚሰሙት ደንበኞች ብዙዎቹ ግን ከሜሪላንድና ከቨርጂንያ የመጡ፣ ሣር ያለው ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ልጆች ናቸው። መስኮቱን ዘግተው፣ ያን ጨለማ ከኋላ ጭነው፣ ከከተማው ወጥተው ይሄዳሉ። የበርክ ቅድመ ሁኔታ ተሟልቶላቸዋል፤ አደጋው አልቀረበም። ለዘፈኑ ባለቤቶች ግን ቀርቦ ነበር። ይህን እያወቅሁም ማዳመጤን አላቆምኩም።

አልፎ አልፎ ከሩቅ አገር ታርጋ ያለው መኪና ሌላ ነገር ይዞልን ይመጣል። የቴክሳስ ታርጋ ያለው አንድ ተማሪ በእጅ የተጻፈበት ግራጫ ካሴት ነበረው። መጀመሪያ ቴፑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር፤ ዘፈኑ ሁሉ ዘግይቶ፣ የሰዎቹ ድምፅ እንደ ሞላሰስ ወፍሮ ይወርዳል። ዲጄ ስክሩ የሚባል የሂውስተን ሰው ሥራ ነው። በሁለት ሸክላ ማጫወቻ የሌሎችን ዘፈን አዘግይቶ፣ ቆርጦ፣ ካሴት ላይ እየቀዳ ከቤቱ ይሸጥ ነበር። ሲዘገይ ሁሉ ነገር ይገዝፋል፤ ልጅ የነበረው ድምፅ የሽማግሌ ይሆናል፣ አንድ ምት ወደ ሌላው እስኪደርስ መሀሉ ገደል ነው። የእኛን ቁልቁለት ለዚያ ካሴት ስል በቀስታ ወረድኩት።

መጋቢት 1997 ቢጊ የሚባለው ራፐር ኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ. ሎስ አንጀለስ ላይ ተተኩሶበት ሞተ። ሌላው ራፐር ቱፓክ ከሞተ ስድስት ወር ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የቢጊ ድርብ አልበም፣ ርእሱ ከሞት በኋላ ስላለው ሕይወት የሚናገረው፣ ለገበያ ወጣ። ያን ሰሞን ቅዳሜ ማታ ፓርኪንጉ ውስጥ የገባ መኪና ሁሉ እሱን ነበር ይዞ የመጣው። አንዱን አቁሜ ሌላውን ስከፍት ያው ሰውዬ ከሌላ ቦታ ይናገራል፤ ሦስቱም ወለል ላይ የሞተ ሰው ድምፅ ሞላ። ጋሼ አማተቡ። ከዚያ በፊት ሙዚቃው ስለ ሞት ያወራል እንል ነበር፤ ያኔ ግን ሞቱ ራሱ ነበር የሚያወራው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ተበተነ። ካሴት በሲዲ ተተካ፣ ሲዲ በፋይል። እኔም ሥራ ቀየርኩ፤ ፓርኪንጉ ውስጥ ቲኬት የሚሰጠው ማሽን ሆነ፣ ባለመኪናው ራሱ ያቆማል፣ የሰው ሙዚቃ የሚወርስ የለም። ሙዚቃው ስልክ ውስጥ ገባ። የስልክ ስፒከር ደግሞ ያንን የ40 ርግብግቢት ድምፅ ጭራሽ አያወጣውም፤ ጥፍር የምታክል ስፒከር ለስምንት ሜትሩ ሞገድ የሚበቃ አየር መግፋት አትችልም። የማሽኖቹ ወሰንም ቀረ። አሥር ሰከንድ የነበረው ዛሬ ማለቂያ የለውም፤ መቶ ሽፋን ድምፅ መደራረብ የሚከለክል ነገር የለም። ትልቅ ማድረግ ቀላል ሲሆን ትልቅነት ረከሰ። አሁንም ጎበዝ ሠሪ አለ፤ ጎበዝነቱ የሚታወቀው ግን ራሱን በራሱ ሲያጠብብ ነው።

ድንግዝግዙም ተገፈፈ። የ«ሹክ ዋንስ» የሰመጠ ዜማ ከየት እንደተወሰደ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲፈልግ ኖሮ በ2011 ተገኘ። የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹ ሄርቢ ሃንኮክ በ1969 የቀዳው «ጄሲካ» የሚባል ሙዚቃ ነው። ፈልጌ ሰማሁት፤ እርጋታ ያለው፣ እንባ ያዘለ፣ ለሕፃን የሚዘፈን የሚመስል ፒያኖ። ሃቮክ ያንን ቆርጦ፣ አዘግይቶ፣ አጨልሞ ነው ያን ሁሉ ፍርሃት ያወጣው። በርክ ቁንጅናን በአንድ ወገን፣ ግርማን በሌላ ወገን አስቀምጦ ነበር፤ የሃያ ዓመቱ ልጅ መኝታ ቤቱ ውስጥ ሆኖ አንዱን ከሌላው ሊያወጣ እንደሚችል ግን አላሰበም። በዚህስ የልጁ ትምህርት ከመጽሐፉ ይበልጣል።

ከእኛም ወገን ወደዚያ ማሽን የገባ አለ። በ2010 ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሊ በጋራ ባወጡት አልበም የመጀመሪያው ዘፈን «አስ ዊ ኤንተር» ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» የተቆረጠ ነው። ነገሩ ከሩቅ ሲመጣ ይታይ ነበር። ፊልም ሠሪው ጂም ጃርሙሽ በ1999 ለወጣው «ጎስት ዶግ» ፊልሙ ሙዚቃውን ለሪዛ ሰጠ፤ በ2005 ደግሞ «ብሮክን ፍላወርስ»ን በሙላቱ ሙዚቃ ሞላው። አንድ ጆሮ ሁለቱን የሚፈልግበት ምክንያት አለው። ሁለቱም ጥቂት ድምፅ ይዞ፣ በመሀሉ ባዶ ቦታ ትቶ፣ ጨለማውን እንዲናገር የማድረግ ችሎታ አላቸው። ጋሼ ይህን ሳይሰሙ ወደ አገር ቤት ገቡ፤ ቢሰሙ ግን አይገርማቸውም ነበር።

እኩዮቼ ስንገናኝ ያኔ ሙዚቃ ነበር እንላለን። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ እውነት ነው። ያ ግርማ የተሠራው ከተቃጠለ ሰፈር፣ ከማይበቃ ማሽን፣ ከሚያስፈራ መንገድና በቶሎ ከሚያልፍ ዕድሜ ነው። እኛ ከሩቅ ቆመን፣ በሰዓት እየተከፈለን ሰማነው፤ ሠሪዎቹ ውስጡ ሆነው ከፈሉት። ቢጊ ሲሞት 24 ዓመቱ ነበር፣ ቱፓክ 25። ዲጄ ስክሩ በ2000 በ29 ዓመቱ አለፈ። ፕሮዲጂ አብሮት ከተወለደ የደም በሽታ ጋር ዕድሜውን ሙሉ ታግሎ በ2017፣ በ42 ዓመቱ። ትዝታ የሚጣፍጠው ለተረፈ ሰው ነው፤ የተረፈ ሰው ደግሞ ዋጋውን መዝለል ይወዳል። ስለዚህ እዚህ የተወለዱ የዘመድ ልጆች «ያኔ ይሻል ነበር ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ መጀመሪያ እነዚያን ዕድሜዎች እነግራቸዋለሁ፤ ዘፈኑን የምከፍትላቸው ከዚያ በኋላ ነው።